ወደ ደቡብ ኦሞ፦ መኪናውን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከጂንካ ተከራዩ

ጥያቄ፦ «እኔና እህቴ እናታችንን ይዘን ደቡብ ኦሞ ለመሄድ አስበናል። እህቴ የምትመጣው ከሜሪላንድ ነው። ከጥምቀት በኋላ አንድ ሳምንት አለን። ጥር ካልተመቸን ለፋሲካ ልናደርገው እንችላለን። የጠየቅናቸው አስጎብኚዎች ከአዲስ አበባ ላንድክሩዘር ተከራይታችሁ ሂዱ አሉን፤ ዋጋውን ስንሰማ ደነገጥን። በሕዝብ ትራንስፖርት አይቻልም? የራሴ ቪትዝስ ታደርሰናለች? እናታችን 66 ዓመቷ ነው፤ ወገቧን ያማታል።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድምልሽ። እስከ ደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ እስከ ጂንካ በአውሮፕላን ሂዱ። መኪናውን እዚያው ጂንካ ተከራዩ። ቪትዟ ግቢዋ ውስጥ ትረፍ። ከሁሉም በፊት ግን የገበያ ቀኖቹን እወቂ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። ወደ ደቡብ መንገደኛ ማመላለስ እንጀራዬ ስለሆነ የምለው ከዚያ ነው።

እስኪ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራው። ከአዲስ አበባ ጂንካ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ሳይንገላታ ይሂድ ከተባለ መውረጃው ሁለት ቀን፣ መመለሻው ሁለት ቀን ይፈጃል። ካላችሁ ሰባት ቀን አራቱ አለቀ ማለት ነው። ለእነዚያ አራት ቀናት የላንድክሩዘሩን ኪራይ፣ ነዳጁን፣ የሹፌሩን አበል ትከፍላላችሁ። ለምን? አስፋልት ላይ ለመቀመጥ። ያን አስፋልት ማንም ሚኒባስ ያልፈዋል። የላንድክሩዘር ዋጋ የሚያዋጣው አሸዋና ድንጋይ ሲጀምር ነው።

አስጎብኚዎቹ አታለሏችሁ ማለቴ አይደለም። መኪናቸውም ሹፌራቸውም ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ያላቸውን ነው ያቀረቡላችሁ። አሥርና አሥራ አምስት ቀን ያለው ሰው፣ በመንገዱ ላይ አርባ ምንጭ አድሮ ጫሞ ሐይቅን አይቶ፣ ኮንሶ ውሎ ልለፍ የሚል ከሆነ የእነሱ መንገድ ጥሩ ነው። ኮንሶ ራሱን የቻለ አንድ ሙሉ ቀን ይገባዋል። የእርከን እርሻውና በድንጋይ ካብ የታጠሩት መንደሮቹ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። ለሰባት ቀንና ለታመመ ወገብ ግን አራት ቀን ሙሉ መኪና ላይ መቀመጥ አይሆንም።

አውሮፕላኑን በተመለከተ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጂንካም አርባ ምንጭም ይበራል። ድሮ ጂንካ ላይ አውሮፕላን የሚያርፈው መሃል ከተማው ሣር ሜዳ ላይ ነበር። በረራ በሌለ ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አሁን አዲሱ ኤርፖርት ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል። እህትሽ ከአሜሪካ የምትመጣው በዚሁ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡን ትኬት በቅናሽ ታገኛለች። ሲቆረጥ የዋናው ትኬቷ ቁጥር ስለሚጠየቅ መጀመሪያ እሱን ትጨርስ። ወደ ጂንካ የሚበረርበትን ቀን ግን አጣሪ፤ በየቀኑ አለ ብለሽ ፕሮግራም አታውጪ።

ስለ ሕዝብ ትራንስፖርት ጠይቀሻል። ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተሽ ማታ ትደርሻለሽ። አድረሽ በነጋታው ከመናኸሪያው የጂንካ መኪና ትይዣለሽ። ኮንሶን አልፎ ወይጦ ይወርዳል፣ ከወይጦ ደግሞ ወደ ቀይ አፈር ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ጂንካ ይገባል። 250 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው፤ ከቀና አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ቁልቁለቱ ላይ ጆሮሽ ይደፈናል፤ ወይጦ ስትደርሺ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ብቻዬን የምሄድ ወጣት ብሆን ከጋቢና ወንበር ጋር ይህን መንገድ እመርጥ ነበር። እናትሽን ግን በቅጥቅጥ መጨረሻ ወንበር ላይ ሁለት ቀን አታስቀምጫቸው።

ቪትዟ ጂንካ ድረስ ትሄዳለች፤ አይቻለሁ። ጉድጓዱን እያየሽ፣ ከብት ሲያቋርጥ እየቆምሽ፣ ሳይመሽ እየገባሽ ትደርሻለሽ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። መንደሮቹ ያሉት ከዋናው መንገድ ውጭ ነው። መኪናዋ ዝቅ ያለች ናት፤ አንድ ደረቅ ወንዝ ላይ አሸዋ ከያዛት ሆዷ መሬት ላይ ይተኛል። ከዚያ ገመድ ያለው መኪና እስኪያልፍ ጥላ ፍለጋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ደቡብ ኦሞ ውስጥ መኪና የሚንቀሳቀሰው በገበያ ቀን ነው። የትናንሽ ከተሞቹ ገበያ እንዲህ ነው፤ ሐሙስ ቀይ አፈር። ቅዳሜ ዲመካ፤ ማክሰኞም አላት፣ ቅዳሜው ግን ይበልጣል። ሰኞ ቱርሚ። ማክሰኞ አልዱባ። የጂንካም ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከጂንካ ቀይ አፈር ያለምንም ችግር መኪና ታገኛለሽ፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከቀይ አፈር ወደ ቱርሚ ደግሞ በገበያ ቀን አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ሞተሩ ሁሉ ይተማል። በማግስቱ ያው መንገድ ጭር ይላል። አርብ ከቀይ አፈር መገንጠያ ላይ ቁጭ ብሎ «አሁን ይመጣል» ሲባል የዋለ እንግዳ ስንቱን አየሁ! መኪና የለም ማለት ሳይሆን፣ የሚመጣበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ፕሮግራምሽን ከቦታ ሳይሆን ከቀን ጀምሪ። የእናንተን እንዲህ ባደርገው እመርጣለሁ። ረቡዕ ጂንካ ግቡ፤ ከሰዓት በኋላውን ለእረፍት ተዉት። ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ውላችሁ ማታ ጂንካ ተመለሱ። እዚያ የበና፣ የፀማይና የአሪ ሰው ይገናኛል። አርብ ጠዋት የአሪ መንደር፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቱርሚ። ቅዳሜ ዲመካ። እሑድ ኦሞራቴ ወይም የካሮ መንደር፤ ሁለቱን አትደርቡ። ሰኞ ረፋዱን ቱርሚ ገበያ፣ ከዚያ ወደ ጂንካ መልስ። ማክሰኞ በረራ። በረራው ረቡዕ ከሌለ መግቢያውን አንድ ቀን ግፉት፤ ቀይ አፈር ቢያመልጣችሁም ቅዳሜን ዲመካ ላይ አስቀሩ።

ገበያው የሚሞቀው ከ5 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሰው ከሩቅ በእግሩ ስለሚመጣ በጠዋቱ ብትደርሱ ባዶ ሜዳ ታያላችሁ። 9 ሰዓት ሲሆን ደግሞ መበታተን ይጀምራል። በሕዝብ መኪና የሄደ ሰው መመለሻውን መያዝ ያለበት ከዚያ በፊት ነው። ሲደርስ መጀመሪያ ረዳቱን ይጠይቅ፤ «ስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ?»

የቅዳሜውን አይሱዙ ለእናትሽ አልመክርም። አንቺና እህትሽ ግን ከቱርሚ ዲመካ ያለችውን 30 ኪሎ ሜትር የማትሞላ መንገድ በእሱ ብትሄዱ አትጠሉትም። ላዩ ላይ ፍየል አለ፣ የማሽላ ጆንያ አለ፣ በቅል የተሞላ ማር አለ። የሐመር ወንድ ሲሳፈር ቦርኮቶውን ይዞ ነው። ቦርኮቶ ከእንጨት የተጠረበች ትንሽ መቀመጫ ናት። ሌላው ጆንያ ላይ ቂጢጥ ሲል እሱ ወንበሩን አመቻችቶ ይቀመጣል። ማታ ያችኑ ትራስ ያደርጋታል። ሴቶቹ ጸጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ ይሠሩታል። ነጭ ነጠላ ለብሰሽ አጠገባቸው ከተቀመጥሽ ቀዩ አብሮሽ አዲስ አበባ ይገባል።

ጂንካ ላይ መኪና ስትከራዪ በቃል ብቻ አትስማሚ። መኪኖቹ ብዙ አይደሉም፤ ጥር ደግሞ የእንግዳ ወቅት ነው። ከወር በፊት ደውለሽ ያዢ፣ ቀብድ ክፈይ፣ ሁሉን በጽሑፍ አድርጊ። ነዳጁ በማን ነው? የሹፌሩ አበልና ማደሪያስ? ፓርክ ሲገባ የመኪናው መግቢያ ማን ይከፍላል? በኪሎ ሜትር ገደብ አለ? መመለሻችሁ በአርባ ምንጭ ከሆነ መኪናው ባዶውን ስለሚመለስ ያን ቀን ያስከፍላችኋል። ተገቢ ነው፤ ግን መጀመሪያ ይነገር።

መኪናው ሲመጣ ደግሞ ቀለሙን አትዪ። ጎማውን እዪ። ትርፍ ጎማ ሁለት ይኑረው፤ አንዱ በቂ አይደለም። ክሪኩን አውጥቶ ያሳይሽ። ሹፌሩን ግቢ ውስጥ እያላችሁ «እስኪ ፎር ዊሉን አስገባውና ትንሽ ንዳ» በዪው። ደስ የማይለው ሹፌር ይኖራል። ይሁን። ወንዝ መሃል «ትናንት ይሠራ ነበር» ከሚል አሁን ቢያኮርፍ ይሻላል። ነዳጅ ከጂንካ ሙሉ ሞልታችሁ ውጡ። ከዚያ ወዲያ አንዳንዴ በጀሪካን፣ አንዳንዴም በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ታገኛላችሁ፤ ምን እንደተቀላቀለበት ግን ባለቤቱና እግዚአብሔር ያውቃሉ። መጠባበቂያ ጀሪካን ከተያዘ ጣሪያ ላይ ይታሰር። ከእናትሽ ወንበር ኋላ አይቀመጥ፤ ሽታው ብቻ ያሳምማቸዋል።

ለወገባቸው ሦስት ነገር። የፊተኛው ወንበር የእሳቸው ነው፤ ተራ የለውም። ትንሽ ትራስ ከቤት ያዢ። በየሰዓቱ መኪናው ይቁም፤ ሹፌሩ ቢቸኩልም።

ከፋሲካ ይልቅ ጥርን የምመርጠው በዝናቡ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ክረምት ሲባል ሐምሌና ነሐሴን ያስባል። ደቡብ ኦሞ እንደዚያ አይደለም። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። አነስ ያለው ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ይመጣል። ፋሲካ ብዙውን ጊዜ ሚያዝያ ላይ ይውላል፤ ልክ መሃሉ ላይ። ስለዚህ ለፋሲካ አትሂዱ። በጎች አርዳችሁ ቤታችሁ ብሉ። ጥር ካልሆነላችሁ ሐምሌና ነሐሴ ራሱ ከፋሲካው ይሻላል።

ዝናቡ እዚያ የሚያደርገውን ልንገርሽ። በቱርሚ ዙሪያ ያሉት ወንዞች አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ናቸው። ካስኬ የሚባለው ከቱርሚ አቅራቢያ ነው። ሰው አሸዋውን ቆፍሮ ውሃ ይቀዳበታል፣ ከብት ያጠጣበታል። ዝናቡ ላይ ተራራው ዘንድ ከጣለ ግን እናንተ ዘንድ ፀሐይ እንደወጣች ወንዙ ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚሰማው። ቀጥሎ ቅጠልና እንጨት የሚገፋ ቡናማ ውሃ ይመጣል። ሹፌሮች ያኔ የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞተር አጥፍተው ይቆማሉ። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ሲጎድል ረዳቱ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ዱላ ይዞ፣ እየወጋ ይሻገራል። ከጉልበቱ በላይ ከሆነ መኪና አይገባም። ሥሩ ረግቶ ከያዘ የሄደበትን መስመር ሳይለቁ ይከተሉታል። «እኔ ወንዝ አልፈራም» የሚል ሹፌር ከገጠማችሁ ውረዱ። ደረቅ ነው ብላችሁም አሸዋው ላይ መኪና አታቁሙ፣ ድንኳን አትትከሉ።

የማጎው መንገድ ችግር ሌላ ነው። ከጂንካ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ስትወርጂ መረሬ አፈር አለ። ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ነው፤ ሲርስ ጎማውን እንደ ጫማ ይለብሰዋል። ጥር ላይ ግን አያሰጋም።

ወደ ሙርሲ የሚኬደውም በዚያው በማጎ በኩል ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት አይሞከርም። መኪና፣ የፓርክ መግቢያ፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) እና የአካባቢ አስጎብኚ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ሁሉም አስጎብኚ መጀመሪያ የሚሸጥላችሁ ሙርሲን ነው፤ እኔ ግን እናንተን ብሆን እዘለዋለሁ። መኪኖች ሁሉ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወሬው ሁሉ ፎቶና ብር ይሆናል። ቆይቶ ለመጨዋወት ጊዜ ያለው ሰው ቢሄድ ግድ የለኝም። ለሁለት ሰዓት ግን ለማንም ደስ አይልም፤ ለሙርሲዎቹም። ያው ብትሄዱ ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ። ፓርኩ ውስጥ የቆላ ዝንብ (ፄፄ) አለ፤ እነዚያን ቀለሞች ይወዳል። የሚንቀሳቀስ መኪናም ይከተላል። ሲነክስ በሸሚዝ ላይ አልፎ ነው። መስኮት ዝጉ፤ ኤሲ የሚሠራ መኪና መከራየትም ለዚህ ይጠቅማል።

በዚያ ፈንታ ጂንካ ዙሪያ ያሉትን የአሪ መንደሮች እዩ። በባጃጅ ጫፍ ድረስ ሄዳችሁ ቀሪውን በእግር ትገባላችሁ። እንሰት፣ ቡና፣ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች፣ ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች አሉ። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው። እናትሽ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ቁጭ ብለው ስለ ድስትና ምጣድ ሲያወሩ አስጎብኚውን ሊረሱት ይችላሉ። ኮረብታው ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየምም ከጉዞው በፊት ብታዩት በኋላ የምታዩት ሁሉ ይገባችኋል።

መኪናው በእርግጥ ዋጋውን የሚያወጣው ወደ ካሮ ስትሄዱ ነው። ከቱርሚ ተነስታችሁ፣ ግራር መሃል ገብታችሁ፣ ኮርቾ የሚባለው መንደር ገደል አፋፍ ላይ ትደርሳላችሁ። ኦሞ ከሥር ሲጠማዘዝ ይታያል። ወደዚያ መደበኛ መኪና የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ተመለሱ።

ኦሞራቴ ከቱርሚ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለኬንያ ድንበር ቅርብ ስለሆነ መታወቂያ ይጠየቃል። እህትሽ ፓስፖርቷን፣ ካላትም የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያዋን ጂንካ ሆቴል ትታ እንዳትመጣ። የዳሰነች መንደሮችን ልታዩ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጎርፍ የተፈናቀሉ መንደሮች አሉ፤ የድሮ አስጎብኚ መጽሐፍ ላይ ያለው ቦታ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። በግንድ ታንኳ ወንዝ ተሻገሩ የሚል ካለ እናትሽን ዳር አስቀምጡ። ኦሞ ውስጥ አዞ አለ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 400 ሜትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ ከ2,300 ሜትር በላይ ለለመደ ሰው ሙቀቱ ቀላል አይደለም።

በየመንደሩ የአካባቢ አስጎብኚ መያዝ ግድ ነው፤ ደግሞም ይጠቅማል። ጂንካም ቱርሚም ማኅበር አላቸው፤ ክፍያውን በደረሰኝ ክፈሉ። ከቱርሚ ዙሪያ ላሉት የሐመር መንደሮች መኪና አያስፈልጋችሁም። ጠዋት በእግር ይኬዳል፤ ርቀቱ ከበዛባችሁ ሞተር አለ። ሞተር ላይ ግን ለሦስት አትጫኑ፤ ልጆቹ «ችግር የለም» ይሏችኋል። የከብት ዝላይ ሥርዓት ካለ ወሬውን መጀመሪያ የሚሰማው አስጎብኚያችሁ ነው። ቀኑ በካላንደር የሚታወቅ ስላልሆነ «በዚህ ቀን አለ» ብሎ ከአዲስ አበባ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ጥሬ ብር ከጂንካ አውጡ፤ ዝርዝር ይሁን። ቴሌብር ኔትወርክ ባለበት ይሠራል፤ መንደር ውስጥ ግን ማንም አይቀበላችሁም። ቆላው ወባ ስላለበት አጎበር ያዙ፤ የእናትሽን መድኃኒት ጉዳይ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ።

የመንገዱን ጸጥታ በተመለከተ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ጂንካ ያለውን ሹፌር ደውላችሁ ጠይቁ። ደህና ሹፌር ራሱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከወዲያ የሚመጣ መኪና ሲያይ ፍጥነት ቀንሶ፣ እጁን አውጥቶ ያቆመዋል። «መንገዱ እንዴት ነው?» ይለዋል። ይህን የማያደርግ ሹፌር ከሆነ እናንተ አስጠይቁት። ማታ አትጓዙ። መንገዱ ላይ ከብት ይተኛል። አንድ በሬ መግጨት ደግሞ በፖሊስ ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይወሰናል፣ ቀናችሁ እዚያው ያልፋል።

የመጨረሻው የእህትሽ ትኬት ነው። ከጂንካ የምትመለሱበትንና ወደ አሜሪካ የምትበርበትን ቀን ቢያንስ በሁለት ቀን አራርቁት። የጂንካ በረራ በአየር ጠባይ ሊሰረዝ ወይም ሊገፋ ይችላል። ከተሰረዘ ኤርፖርት ተቀምጣችሁ አታልቅሱ። ሹፌሩን ገና አልሸኛችሁትምና በዚያው መኪና አርባ ምንጭ ግቡ፤ ከዚያ የሚበረውን ያዙ። ስለዚህ የመጨረሻውን ሂሳብ ለሹፌሩ የምትከፍሉት አውሮፕላኑ ጂንካ ማረፉን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ይሁን።